ምሕረት ለበደለኛ ነው



ስለ እግዚአብሔር ምሕረት ስንማር ሁለት ስሕተቶች መንገዳችንን ይዘጋሉ። አንደኛው «የእኔ ኃጢአት ከቶ አይሠረይም» የሚለው ተስፋ መቁረጥ ነው። ሁለተኛው «እግዚአብሔር መሐሪ ነውና ምንም አይደል» የሚለው ቸልተኝነት ነው። የመጀመሪያው በደሉን አይቶ ምሕረቱን አያይም፤ ሁለተኛው ምሕረቱን እየጠራ በደሉን ይሸሽጋል። ቤተ ክርስቲያን ግን ሁለቱን፣ በደልንና ምሕረትን፣ ፊት ለፊት ታገናኛለች።

1. ይቅርታ ማመካኛ አይደለም

አንድ ሰው ሳያውቅ ወይም ተገዶ ያደረገው ነገር ሲጣራ «ጥፋቱ የእርሱ አይደለም» እንላለን። ይህ ትክክለኛ ፍርድ እንጂ ምሕረት አይደለም። ምሕረት የሚያስፈልገው አውቆና ወዶ ለበደለ ሰው ነው።

ንጉሥ ዳዊት የኦርዮንን ሚስት ወሰደ፤ ኦርዮንንም በጦር ግንባር አስገደለው (2ኛ ሳሙ. 11)። ነቢዩ ናታን የድኻውን ሰው በግ ምሳሌ በነገረው ጊዜ ዳዊት በበደለኛው ላይ ተቈጣ፤ ፍርዱም በራሱ ላይ ወደቀ። ዳዊት በሴቲቱም በሥልጣኑም አላመካኘም፤ እግዚአብሔርን መበደሉን በአጭር ቃል ተናዘዘ። ናታንም ወዲያው ስርየትን አበሠረው። ሆኖም የበደሉ መዘዝ ከቤቱ አልራቀም (2ኛ ሳሙ. 12)። ኃጢአቱ ተሰርዮለታል፤ ኃጢአት አልነበረም ግን አልተባለም።

2. በደለኛውን የሚቀድም አባት

በአገራችን የዕርቅ ልማድ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት ይወድቃል፤ ተበዳዩም በሽማግሌዎች ልመና «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል። ጌታችን በጠፋው ልጅ ምሳሌ ያሳየን አባት ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ልጁ ገና በሩቅ ሳለ አይቶት ይሮጣል፤ የተዘጋጀበትንም የልመና ቃል ሳያስጨርሰው ልብስና ቀለበት ያስመጣል (ሉቃ. 15፥20-22)። ድንጋዩን በእኛ ፈንታ የተሸከመው ራሱ ክርስቶስ ነው፤ የሞተልንም ገና ኃጢአተኞች ሳለን ነው (ሮሜ 5፥8)።

ጴጥሮስም ይሁዳም ጌታቸውን በድለዋል፤ ሁለቱም ተጸጽተዋል። ይሁዳ ጥፋቱን አምኖ ብሩን እንኳ መልሷል (ማቴ. 27፥3-5)። ነገር ግን ጸጸቱን የወሰደው ሊፈቱት ወደማይወዱ ሰዎች እንጂ ወደ ክርስቶስ አልነበረም። ስለ ፍጻሜው መፍረድ የእኛ ድርሻ አይደለም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፦ ጸጸት ወደ መሐሪው ካልወሰደን በራሳችን ላይ ይዘጋብናል።

3. በምስጢረ ንስሐ የሚሆነው

እ.ኤ.አ. በ1551 የትሬንት ጉባኤ የተነሳሒው ድርሻ ሦስት መሆኑን አስተማረ፤ እነርሱም ከልብ መጸጸት፣ ለካህን መናዘዝና ካሣ መክፈል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ፍትሐት ኃጢአትን እንደሚያስወግድ፣ ኃጢአቱ ያስከተለውን ጉዳት ሁሉ ግን እንደማይጠግን ያስረዳል። ስለዚህ የተሰረቀው ይመለስ፤ ስሙ የጠፋው ሰው ስሙ ይታደስለት፤ የተጎዳው ይካስ። የሰረቀውን ላም እያለበ የሚናዘዝ ሰው ምሕረትን በአፉ እንጂ በእጁ አልተቀበለም። ዘኬዎስ ግን የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ ተነሣ (ሉቃ. 19፥8)። ዘኬዎስ ጌታን ወደ ቤቱ ያስገባው በካሣው ገዝቶ አይደለም፤ ጌታ አስቀድሞ ስለ ጠራው ካሰ እንጂ።

ኀፍረት የያዘውም ሰው ይህን ይወቅ፦ ካህኑ በኑዛዜ የሰማውን በማናቸውም ምክንያት ሊገልጥ አይችልም።

4. አንድ ምስክርነት

እ.ኤ.አ. በ1902 በኢጣሊያ አገር የ20 ዓመቱ አሌሳንድሮ ሴሬኔሊ የ11 ዓመቷን ማርያ ጎሬቲን ሊደፍራት ፈልጎ እንቢ ባለችው ጊዜ በስለት ደጋግሞ ወጋት። በማግስቱ በኔቱኖ ሆስፒታል ከመሞቷ በፊት ይቅር እንዳለችውና በገነት ከእርሷ ጋር እንዲሆን እንደምትሻ ተናገረች። ፍርድ ቤት 30 ዓመት እስራት ፈረደበት። አሌሳንድሮ ለዓመታት ልቡን አደንድኖ ቆየ፤ በኋላ ግን ተመለሰ። 27 ዓመት ታስሮ ከተፈታ በኋላ ወደ እናቷ ወደ አሱንታ ሄዶ ይቅርታ ለመነ። እርሳቸውም ልጃቸው ይቅር ያለችውን ሊከለክሉ እንደማይችሉ ነግረው ተቀበሉት፤ በአንድ ቅዳሴም አብረው ቅዱስ ቁርባን ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1950 ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ የማርያን ቅድስና ሲያውጁ እናቷ በሥፍራው ነበሩ። አሌሳንድሮም ቀሪ ዘመኑን በካፑቺኖች ገዳም በአትክልተኝነት ሲያገለግል ኖሮ በ1970 ዐረፈ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን እናስተውል። ማርያ ይቅር ያለችው ገና ሳይለምናት ነው፤ ይቅርታዋ ፍሬ ያፈራው ግን እርሱ በደሉን ባመነ ጊዜ ነው፤ ይቅርታውም የእስራቱን ዘመን አልሰረዘም። የእግዚአብሔርም ምሕረት እንዲሁ ይቀድመናል፣ እስክናምን ይጠብቀናል፣ ካሣችንንም አያስቀርም።

5. ማጠቃለያ

የታመመ ሰው ስንጠይቅ «እግዚአብሔር ይማርህ» እንላለን። ምሕረት በቋንቋችን የፈውስም ስም ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት እንደማይገኝለት ሁሉ በደሉን የሸሸገም ፈውስ አያገኝም። ስለዚህ ከኑዛዜ ብዙ ዘመን የራቅን ሁሉ ሳንዘገይ እንቅረብ። መምህራንም ልጆችን ለመጀመሪያ ኑዛዜ ስታዘጋጁ የሚጠብቃቸው ከሳሽ ሳይሆን አባት መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የኃጢአትን ዝርዝር ከዚያ በኋላ አስተምሩ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦
ሀ) ይቅር ማለትና ማመካኘት በምን ይለያያሉ?
ለ) የይሁዳና የጴጥሮስ ጸጸት ወዴት ወዴት አመራ?
ሐ) ተናዝዘን ሳንክሰው የቀረ ሰው አለን?

የመሐሪው አባታችን ሰላም ከሁላችን ጋር ይሁን።