የስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል፦ አጋላጭ ምክንያቶቹ ከወልቂጤና ከቡታጅራ ኑሮ አንጻር

መግቢያ

ስለ ስኳር በሽታ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ምግብን፣ ኢንሱሊንንና ኪኒንን ነው። እግር ይረሳል። ነገር ግን በዓለም ደረጃ እንደሚገመተው ስኳር ካለባቸው 100 ሰዎች ውስጥ ከ19 እስከ 34 የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው የእግር ቁስል ያገኛቸዋል። ቁስሉ ካመረቀዘ ጣት፣ ሲብስም እግር እስከማስቆረጥ ይደርሳል። ለመሆኑ ይበልጥ የሚጋለጠው ማን ነው?

ዋና ዋና አጋላጭ ምክንያቶች

1ኛ. የነርቭ መጎዳት፦ የደም ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግር ነርቮች ይጎዳሉ። ታካሚው ሚስማር ቢወጋው ወይም ጫማ ቢልጠው አይሰማውም። ላብ ስለሚቀንስም ቆዳው ደርቆ ተረከዙ ይሰነጣጠቃል።

2ኛ. የደም ሥር መጥበብ፦ ደም በበቂ ካልደረሰ ትንሿም ቁስል አትድንም። ሲጋራ፣ የደም ግፊትና የደም ቅባት ችግሩን ያባብሱታል።

3ኛ. የእግር ቅርጽ መለወጥ፦ ጣት ሲቆለመም ወይም መጅ ሲወጣ የሰውነት ክብደት አንድ ቦታ ላይ ይጫናል። ጠባብ ጫማ ሲጨመርበት ቆዳው ይላጣል።

4ኛ. ከዚህ በፊት መቁሰል፦ ቁስላቸው ከዳነ 100 ሰዎች ውስጥ 40 ያህሉ በአንድ ዓመት ጊዜ እንደገና ይቆስላሉ።

5ኛ. የዓይን መድከምና የኩላሊት ሕመም፦ እግሩን በደንብ ማየት ያልቻለ ሰው ቁስሉን የሚያውቀው ሲሸት ነው።

በእኛ አካባቢ

በወልቂጤና በቡታጅራ ለሕክምና የሚመጣው ብዙ ሰው የዙሪያው ገበሬና ነጋዴ ነው። እንደ ጉመር ባለው ደጋ ማታ ማታ እግርን ምድጃ ዳር ማሞቅ የተለመደ ነው፤ የደነዘዘ እግር ግን መቃጠሉን አያውቅም። እናቶች እንሰት ሲፍቁ ቅጠሉን ከሳንቃው ጋር የሚይዙት በባዶ እግራቸው ነው። ጓሮ በባዶ እግር መግባት፣ ቀኑን ሙሉ በላስቲክ ጫማ ገበያ መዋል፣ ለመስቀል የተገዛ አዲስ ጫማ ሳያላምዱ ረጅም መንገድ መሄድ፣ እነዚህ ሁሉ መጠየቅ አለባቸው። ሥራውን ተዉ ማለት አይቻልም። ከሥራ በኋላ እግርን ታጥቦ በጣቶች መካከል ጭምር ማድረቅና ማየት ግን ይቻላል።

እኛ ምን እናድርግ?

ትልቁ ችግር "እግሬን አያመኝም፣ ደህና ነኝ" የሚለው መልስ ነው። አለማመሙ ራሱ ምልክት ሊሆን ይችላል። አንዳንዱም እግሬ ይሸታል ብሎ ጫማውን ማውለቅ ያፍራል። ስለዚህ "አባባ፣ እግርዎትን ልይልዎት?" ብለን በአክብሮት እንጠይቅ።

ሞኖፊላመንት በሌለበት በጣት መፈተሽ ይቻላል። ታካሚው ዓይኑን ይጨፍን። የሁለቱንም እግር አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሽ ጣት ጫፍ ለ1 ወይም 2 ሰከንድ በቀስታ እንንካ። ከስድስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ካልተሰማው ስሜቱ ቀንሷል ማለት ነው። ቀጥሎም በእግሩ ጀርባና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ያለውን የደም ምት እንዳስስ።

ማጠቃለያ

ማንኛውም የስኳር ታካሚ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እግሩ መታየት አለበት። ስሜቱ የቀነሰበት ወይም ቀድሞ የቆሰለ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይታያል። ለተግባር ልምምድ ስንወጣ ይህን ለማድረግ ውድ መሣሪያ አያስፈልገንም፤ ጫማ አስወልቆ ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃናል።