ተማሪ የት ይብላ? በስድስት ኪሎና በአካባቢው ምግብ ቤት ስለ መምረጥ

ሰው ያለ ምግብ እንደማይኖር ሁሉ፥ ንጽሕና በጐደለው ምግብም ጤናው ሊጸና አይችልም። ይህ ለሰው ሁሉ እውነት ቢሆንም፥ ይልቁንም ከወላጆቹ ቤት ርቆ በዩኒቨርሲቲ ለሚማር ወጣት ሊታወቅ የሚገባ ነው። በእናቱ ቤት ሳለ ምግቡን ማን እንዳበሰለለት፥ ውሃውም ከየት እንደ ተቀዳ ያውቅ ነበር፤ አሁን ግን በየቀኑ ከማያውቀው ሰው እጅ ይመገባል። በፈተና ሰሞን በአንጀት ተስቦ፥ ማለት በታይፎይድ፥ የወደቀ ተማሪ የሚጐዳው በሥጋው ብቻ አይደለም፤ የዓመት ድካሙና የወላጆቹ ተስፋ ጭምር አልጋ ላይ ይውላል። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን የምግብ ቤት አመራረጥን እንመለከታለን።

ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው የስድስት ኪሎ ግቢ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ከተሰጠ ወዲህ፥ በዙሪያው ተማሪ የሚመገብባቸው ስፍራዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። 1ኛው በግቢው ውስጥ ያለው የተማሪዎች መመገቢያ ነው። 2ኛው በግቢው ውስጥና ከበሩ ውጭ እስከ አራት ኪሎ ድረስ የሚገኙት ሻይ ቤቶች፥ ሽሮ ቤቶችና ጭማቂ ቤቶች ናቸው። 3ኛው በመንገድ ዳር እርጥብ፥ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ የሚሸጥበት ነው። የቤቶቹን ስም እየጠራን «ከዚህ ብሉ፤ ከዚያ አትብሉ» አንልም። ባለቤት ይለወጣል፥ ቤትም ይፈርሳል፤ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአራት ኪሎ በኮሪደር ልማት ሥራ ብዙ ቤቶች ሲነሡ የቆዩ ምግብ ቤቶችም አብረው ተነሥተዋል። የንጽሕናን ምልክት ያወቀ ሰው ግን በሄደበት ሁሉ መምረጥ ይችላል።

የአንጀት ተስቦ፥ አሜባ፥ ጃርዲያና ኮሌራ ከሰው ዐይነ ምድር ተነሥተው በእጅ፥ በውሃና በዝንብ አማካይነት ወደ ሰው አፍ የሚመለሱ በሽታዎች ናቸው። ተውሳኮቹ በዐይን አይታዩም፤ ብዙ ጊዜም የምግቡን ሽታና ጣዕም አይለውጡም። ከእነዚህ ውስጥ ባክቴሪያ የሚባለው ወገን፥ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት በምግብ ላይ ሊራባ ይችላል። ሁኔታው እጅግ ሲመቸው በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ ከጧቱ በ12 ሰዓት አንድ የነበረው ቀትር ላይ 262,144 ይደርሳል ማለት ነው።

«ወጥ ሠሪው ጤነኛ ይመስላል» ብሎ መታመንም አይበቃም። በኒው ዮርክ ከተማ ሜሪ ማለን የምትባል ወጥ ሠሪ፥ ራሷ ሳትታመም የአንጀት ተስቦን ተውሳክ ተሸክማ በተቀጠረችባቸው ቤቶች ሰው ታስይዝ እንደ ነበር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1907 ዓ.ም. ታውቋል። ጕዳዩ ያለው በመልክ ሳይሆን ከመጸዳጃ ቤት መልስ እጅን በሳሙና በመታጠብ ላይ ነው።

እንግዲህ ርካሽ ምግብ ሁሉ አደገኛ አይደለም፤ ውድ ምግብም ሁሉ ንጹሕ አይደለም። በሸክላ እየተንተከተከ የሚቀርብ ተጋቢኖ ሽሮ፥ በረዥም ብርጭቆ አሸብርቆ ከሚቀርብ ጭማቂ ይልቅ ለጤና የታመነ ሊሆን ይችላል። ደንቡ ይህ ነው፤ በመጨረሻ እሳት የነካው ምግብ ይሻላል፤ በመጨረሻ እጅ የነካው ምግብ ያሰጋል። ስለዚህ ከመቀመጣችሁ በፊት ቀጥሎ ያሉትን ተመልከቱ።

1ኛ፤ የእጅ መታጠቢያው ሳሙናና የሚፈስ ውሃ አለውን? እንጀራ በእጅ የሚበላ ስለ ሆነ፥ በልተን ስንነሣ ብቻ ሳይሆን ሳንበላ በፊት ቢያንስ 20 ሴኮንድ በሳሙና መታጠብ ይገባል።

2ኛ፤ በመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ሳሙና አለን? እናንተ ያጣችሁትን ሳሙና አስተናጋጁም ሳያጣው አይቀርም።

3ኛ፤ ብር የሚቀበለው እጅ ሳይታጠብ ተመልሶ ዳቦ ይቈርሳልን?

4ኛ፤ ብርጭቆና ሳሕኑ የሚታጠበው በሚፈስ ውሃ ነው ወይስ ከጧት ጀምሮ ባልተለወጠ የባልዲ ውሃ?

5ኛ፤ ወጡ እንፋሎት ይወጣዋልን? ከእሳት ወርዶ ከ2 ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት የቆየ ምግብ መተው አለበት። አንዳንዱ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ በማሞቅ የማይጠፋ ስለ ሆነ፥ እንደገና ማሞቁ ሁልጊዜ አያድንም።

በያይነቱ ሲቀርብም ምስሩንና ሽሮውን ትኩስ ከሆነ ብሉ፤ ጥሬው ሰላጣና ስንጉ በምን ውሃ እንደ ታጠበ ካላወቃችሁ ግን ተዉት። ሎሚና ኮምጣጤ አሜባን ያጠፋሉ ብላችሁ አትመኑ። ጥሬ ሥጋ ኮሶን፥ ያልተፈላ ወተትም ሌላ በሽታን ሊያመጣ ይችላል። ፍራፍሬ ለሚወድ ራሱ የሚልጠው ሙዝና ብርቱካን ይሻለዋል። ውሃ በምታፈሉበት ጊዜም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት መሆንዋን አስቡ፤ በዚህ ከፍታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፥ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

በግቢው መመገቢያ የሚበላ ተማሪ ወረፋውን ሸሽቶ ዘግይቶ ባይሄድ ይመረጣል፤ የዘገየ የቀዘቀዘውን ያገኛልና። ውሃና ሳሙና በጠፋ ጊዜም ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ለሚመለከተው ክፍል ማመልከት የተማሪው መብት ነው። ጉርሻም የፍቅር ምልክት ነው፤ ነገር ግን ባልታጠበ እጅ ሲሰጥ ከፍቅሩ ጋር በሽታውንም ያጐርሳል።

ታይፎይድ ብዙ ጊዜ የሚገለጸው ተውሳኩ ከገባ ከ1 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ስለ ሆነ፥ ትኩሳት የያዘው ሰው ትናንት የበላበትን ቤት ብቻ አይጠርጥር። ሳይመረመር መድኃኒት ገዝቶ መዋጥን ትቶ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ተቅማጥ ለያዘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) በንጹሕ ውሃ በጥብጦ መስጠት ነው፤ ይህ ካልተገኘ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ልክ እስከ አፉ ተለክቶ ይበጥበጥ። ተቅማጡ ደም ካለው ወይም እንደ ውሃ የሚወርድ ከሆነ ግን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ወጣቶች ሆይ፥ አንድ ምግብ ቤት ሳሙና ከሌለው ተነሥታችሁ ውጡ፤ ምክንያቱንም በትሕትና ለባለቤቱ ንገሩት። ደንበኛ የሚጠይቀውን ባለቤት ያቀርባልና፥ በዚህ አኳኋን ራሳችሁን ብቻ ሳይሆን ከእናንተ በኋላ የሚቀመጠውንም ታድናላችሁ። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል።