«የሴቶች ጥናት» ስሙን ለምን ለወጠ?

ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች «የሥርዓተ ፆታ ጥናት» የሚባለው የትምህርት ዘርፍ ሲጀመር ስሙ «የሴቶች ጥናት» ነበር። የአንድ ጥናት ስም የሚለወጠው ደግሞ ጥያቄው ሲሰፋ ነው። ለመሆኑ ጥያቄው እንዴት ሰፋ? ለእኛ ለመምህራንስ ምን ይጠቅመናል? (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩ኛ. «ሴቶቹ የት አሉ?» በአሜሪካ የሳንዲያጎ ስቴት ኮሌጅ በ1970 የሴቶች ጥናት ፕሮግራም በመክፈት ፈር ቀዳጅ ሆነ። በዚያው ዓመት ዴንማርካዊቷ የኢኮኖሚ ሊቅ ኤስተር ቦዝሩፕ፣ በብዙ የአፍሪካ አካባቢዎች አብዛኛውን የእርሻ ሥራ የሚሠሩት ሴቶች ሆነው ሳለ አዲሱን የእርሻ ዘዴ እንዲማሩ የሚደረጉት ግን ወንዶች መሆናቸውን ጻፈች። እንግሊዛዊቷ አን ኦክሌይም 40 የለንደን የቤት እመቤቶችን አነጋግራ በ1974 ባሳተመችው ጥናት፣ የቤት ሥራቸው በሳምንት በአማካይ 77 ሰዓት እንደሚወስድ አሳየች። ይህ ሁሉ ድካም ቀድሞ እንደ ሥራ የሚቆጥረው አልነበረም ማለት ይቻላል።

፪ኛ. «ልዩነቱን ማን ሠራው?» መውለድ የተፈጥሮ ነው። ውሃ መቅዳት የሴት ብቻ ይሁን ብሎ ያዘዘ ተፈጥሮ ግን የለም፤ ያዘዘው ኅብረተሰብ ነው። የመጀመሪያው ፆታ፣ ሁለተኛው ሥርዓተ ፆታ ይባላል። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ታዲያ ወንዱም ይጠናል ማለት ነው። አውስትራሊያዊቷ ሬይዊን ኮኔል በ1995 ያሳተመችው መጽሐፍ ወንድነት ራሱ እንዴት እንደሚቀረጽ የሚመረምር ነው።

፫ኛ. «ስለ ወሲብ ሕግና ልማድ ከየት መጣ?» በ1989 የሳንፍራንሲስኮ ሲቲ ኮሌጅ ስለ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች የሚያስተምር ክፍል አቋቋመ። በኋላም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች «ወሲባዊነት» የሚለውን ቃል በስማቸው ላይ ጨመሩ።

ይህ መስፋፋት ክርክር አስነስቷል። «ስሙ ሲሰፋ ሴቶቹ ተመልሰው ይረሳሉ» የሚሉ አሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። በ1991 የሴቶች ጥናት ክፍል የከፈተው የኡጋንዳው ማካሬሬ ዩኒቨርሲቲ በኋላ ያቋቋመውን ትምህርት ቤት «የሴቶችና የሥርዓተ ፆታ ጥናት» ብሎ ሁለቱንም ስም ይዟል። አዲሱ ጥያቄ የፊተኛውን አይሽረውም፤ ይደረብበታል እንጂ።

ይህን ወደ መማሪያ ክፍላችን እናምጣው። አንዲት ተማሪ ሁልጊዜ እያረፈደች ትመጣለች እንበል። «ሰነፍ ናት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ግን እንጠይቅ፦ ጠዋት ቤት ውስጥ ስንት ሰዓት ትሠራለች? ወንድሟ ያንን ሥራ ለምን አይሠራም፤ «የሴት ሥራ ነው» ብሎስ ማን አስተማረው? መንገድ ላይ እየጠበቀ የሚያስቸግራት ሰው አለ ወይ? ከሦስቱ አንዱን ብቻ የጠየቀ መምህር ችግሩን በከፊል ነው የሚያየው። ምንም ያልጠየቀው ደግሞ ልጅቷ ትምህርቷን ስታቋርጥ «አልቻለችም» ብሎ ስሟን ይሰርዛል።

የመወያያ ጥያቄ፦ ለማስተማር ልምምድ በምትወጡበት ክፍል ጥቁር ሰሌዳ የሚያጠፋው፣ ወለል የሚጠርገው፣ አለቃ የሚሆነው ማን ነው? መዝግባችሁ ኑና እንወያይበት።