ኮንቴነር መኖሪያ ቤት ይሆናልን?

በየከተማችን ሱቅ፣ ቢሮ ወይም የጥበቃ ቤት ሆኖ የምናየው ኮንቴነር አንዳንዴ የሰው ማደሪያም ይሆናል። ነገ ተመርቀን በየገጠሩ ስንመደብ፣ «አንድ አሮጌ ኮንቴነር ተገኝቷል፤ የመምህር ቤት እናድርገው ወይ?» ተብለን ብንጠየቅ ምን እንመልሳለን? ብዙ ሰው የሚለው «ብረት ነው፣ በርም አለው፣ ምን ጎደለው?» ነው። በእኛ አስተያየት ግን ኮንቴነር የሚሰጠን ጠንካራ አጥንት ብቻ ነው። ጥላውን፣ አየሩንና ልባሱን የምንጨምርለት እኛ ነን። ይህን ሳንጨምር ሰው ብናስገባበት ጤናውን፣ አልፎም ሕይወቱን አደጋ ላይ እንጥላለን።

ሀ. አጥንቱ

ኮንቴነር የተፈለሰፈው ዕቃ ከመኪና ወደ መርከብ፣ ከመርከብ ወደ ባቡር ሳይራገፍ እንዲዛወር ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪናዎች ባለቤት «አይዲል ኤክስ» በተባለች መርከብ 58 ሣጥኖችን ከኒው ጀርሲ ወደ ቴክሳስ አጓጓዘ። ዛሬ ወደ አገራችን በጂቡቲ ወደብ በኩል የሚመጣው ብዙ ዕቃ በዚሁ ሣጥን ታሽጎ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። ሣጥኑን ቤት የማድረግ አሳብም አዲስ አይደለም። ፊሊፕ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ ለዚህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1987 አመልክቶ በ1989 የፈጠራ መብት አግኝቷል። በአምስተርዳም ከተማም እ.ኤ.አ. በ2006 ገደማ 1000 ያህል ክፍሎች ያሉት የተማሪዎች ማደሪያ በዚህ ዘዴ ተሠርቶ ነበር።

የተለመደው ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ርዝመቱ 6.06 ሜትር፣ ወርዱ 2.44 ሜትር፣ ቁመቱ 2.59 ሜትር ነው። ባዶውን ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። በመርከብ ላይ ሲደራረብ ሸክሙን የሚቀበሉት አራቱ የማዕዘን ቋሚዎች ናቸው። ሽንሽኑ ግድግዳ ከ2 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ብረት ቢሆንም፣ ቋሚዎቹ ወደ ጎን እንዳይዘሙ ወጥሮ ይይዛቸዋል።

ይህን ለተማሪ ለማስረዳት የክብሪት ቀፎ ይበቃል። መሳቢያውን አውጥታችሁ ቀፎውን ከጎን ጫን በሉት፤ ወዲያው ይዘማል። የኮንቴነርን ግድግዳ እንዳለ ቆርጦ የሚጥል በያጅም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መስኮትና በር ሲከፈት የመክፈቻው ዙሪያ በቱቦላሬ ብረት መጠናከር አለበት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ከመቁረጥ በፊት መለካትና ንድፍ ማውጣት ይቀድማል።

ለ. ሙቀቱና ላቡ

ብረት ሙቀትን ከጭቃ ግድግዳ ከሃምሳ እጅ በላይ አብልጦ ያስተላልፋል። ውፍረቱንም እናነጻጽር፦ የኮንቴነሩ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጭቃ ግድግዳ ግን መቶ እጥፍ ይወፍራል። ታዲያ በመተማ ወይም በአዋሽ ፀሐይ ሥር ባዶ ኮንቴነር ውስጥ ማን ይቀመጣል?

በደጋ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ሌሊት ብረቱ ይቀዘቅዛል። የተኛው ሰው ትንፋሽና ከድስቱ የወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ውኃ ይሆንና ከጣሪያው ይንጠባጠባል። አልጋው ይረጥባል፣ ደብተሩ ይሻግታል፣ ብረቱም ይዝጋል። ብዙ ሰው «ጣሪያው ያፈሳል» ብሎ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ቀዳዳ ግን የለም።

ሐ. የሕይወት ጉዳይ

1ኛ. ከሰል። የኮንቴነር በር ዙሪያውን በላስቲክ የታሸገ ነው። በውስጡ ከሰል ቢያያዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ይጠራቀማል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ስለዚህ ማብሰያው ከውጭ ይሁን፤ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎችም የማይዘጋ የአየር መግቢያና መውጫ ይኑር።

2ኛ. በር። የኮንቴነሩ መቀርቀሪያ የሚሠራው ከውጭ ብቻ ነው። ከውስጥ የሚከፈት ሌላ በር ሳይሠራ ሰው አይደርበት።

3ኛ. ኤሌክትሪክ። የተላጠ ሽቦ ብረቱን ከነካ ቤቱ በሙሉ ሰው ሊይዝ ይችላል። ሣጥኑ በባለሙያ ከመሬት ጋር በሽቦ ይያያዝ።

4ኛ. ወለል። የወለሉ ጣውላ በጉዞ ላይ ተባይ እንዳይገባበት ብዙ ጊዜ በመድኃኒት የተነከረ ነው። በበሩ ላይ ያለው የብረት ሰሌዳ ይህን ስለሚጽፍ ይነበብ። ጣውላው ይለወጥ፣ አለዚያም በደንብ ይሸፈን። ኬሚካል ሲያመላልስ የኖረ ሣጥንማ ለመኖሪያ አይወሰድም።

መ. አሠራሩ በቅደም ተከተል

ሣጥኑ በአራቱ ማዕዘኖቹ በጠንካራ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መሠረት ላይ ይቀመጣል። ውኃ እንዳይተኛበት ዙሪያው ቦይ ይቆፈርለታል። ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢሆን፣ የጧትና የከሰዓት ፀሐይ በአብዛኛው የሚመታው አጫጭር ጎኖቹን ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ሁለተኛው ጣሪያ ነው። ከሣጥኑ በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ክፍተት ትቶ፣ ሰፊ ታዛ ያለው የቆርቆሮ ክዳን ይሠራል። ነፋስ በመካከሉ ስለሚያልፍ ብረቱ በጥላ ሥር ይውላል። የዝናብ ውኃም ከክዳኑ ወደ በርሜል ይጠለቃል።

ቀጥሎ ልባሱ ነው። ጭቃ በብረት ላይ አይያዝም። ስለዚህ ከግድግዳው ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ቋሚና ማገር ቆሞ በጭድና ጭቃ ይመረጋል። በመካከሉ የሚቀረው ክፍተት ብረቱን ከእርጥበት ያድነዋል። ልባሱ ለምን ከውጭ ሆነ? የውስጡ ወርድ 2.35 ሜትር ብቻ ነውና፤ በሁለቱም ጎን 10 ሴንቲ ሜትር ብንወስድ 2.15 ሜትር ይቀራል። ከውስጥ ጣሪያው ኮርኒስ ይሁንለት።

ሠ. ለአካባቢ ይጠቅማልን?

ያገለገለና የተጣለ ሣጥን ከሆነ ይጠቅማል፤ 2 ቶን ያህል ብረት ከዝገት ይድናል። ለቤት ተብሎ አዲስ ከተገዛ ግን አንድ ክፍል ከሚያስፈልገው በላይ ብረት ማባከን ነው። መንገዱም ይታሰብ። ክሬንና ከባድ መኪና ወደማይደርሱበት ቀበሌ ከሚጎተት ይልቅ፣ በአካባቢው ድንጋይ፣ እንጨትና ጭቃ በባለሙያ እጅ የተሠራ ቤት ይሻላል። እንግዲህ ለሚጠይቁን ሰዎች መልሳችን «ሣጥኑ ቅርብና ያገለገለ ከሆነ፣ ጥላው፣ አየሩና ከውስጥ የሚከፈተው በር አስቀድመው ከተሠሩለት፣ አዎን» የሚል ይሁን።

ተግባራዊ ሙከራ

ሦስት እኩል ጣሳዎች ይዘጋጁ። አንዱ ባዶውን ይሁን፣ ሁለተኛው ሦስት ጣት ያህል በጭድና ጭቃ ተለብጦ ይድረቅ፣ ለሦስተኛው ከላዩ የካርቶን ጥላ ይሠራለት። በክዳናቸው ቀዳዳ ቴርሞሜትር አስገብታችሁ ቀትር ላይ ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ አኑሯቸው። በየ10 ደቂቃው መዝግቡና በግራፍ አሳዩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከሦስቱ ጣሳዎች ቀስ ብሎ የሞቀው የትኛው ነው? ለምን?
2. የኮንቴነር ጣሪያ ዝናብ ሳይኖር ውኃ የሚያንጠባጥበው ስለምንድን ነው?
3. ከመጣችሁበት አካባቢ ላለ ትምህርት ቤት የመምህር ቤት ብትሠሩ ኮንቴነር ትመርጣላችሁ ወይስ ጭቃ? በወጪ፣ በመንገድና በአየር ጠባይ አስረዱ።