ያለ ኮድ አፕ መሥሪያውን እንዴት እንምረጥ?

ገረሴ ላይ ከደጋው ገበሬ ድንችና ገብስ ተረክቦ አርባ ምንጭ የሚያደርስ ማኅበር አለ እንበል። መዝገቡ ደብተር ነው። ጸሐፊው ሥራውን ወደ ስልክ ማዞር ይፈልጋል፤ ፕሮግራመር የሚቀጥርበት ገንዘብ ግን የለውም። ኖ-ኮድ የሚባሉት መሣሪያዎች የተሠሩት እንዲህ ላለው ሰው ነው፤ ፎርሙንም ገጹንም አንድ መስመር ኮድ ሳይጽፍ ያዘጋጃል።

አብዛኛው ሰው ዩቲዩብ ላይ አይቶ ያማረውን ይመርጣል። እርስዎ ግን አስቀድመው ይህን ይጠይቁ፦ የመሣሪያው ባለቤት ነገ ቢዘጋው መረጃዬን ይዤ መውጣት እችላለሁ? ጥያቄው ሟርት አይደለም። ጉግል «አፕ ሜከር» የሚባለውን መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በጥር 2021፣ አማዞን ደግሞ «ሃኒኮድ»ን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ዘግተዋል። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ጥቂት የሙከራ መስመሮች በአማርኛ ያስገቡና በሲኤስቪ ፋይል ያውርዱ። ማውረድ የሚከለክል ከሆነ ይተዉት። ፊደሉ ኤክሴል ላይ ቢበላሽ ግን ለመፍረድ አይቸኩሉ፤ ፋይሉን በጉግል ሺትስ ይክፈቱት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኤክሴል አከፋፈት ነው።

ቀጥሎ የቀን መሙያውን ይፈትሹ። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የሚያውቁት የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። ታዲያ ጳጉሜ 3 የገባው ድንች የት ይመዝገብ? የኔ ምክር ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ሳጥን መለየት ነው። ወሩ ከዝርዝር ይመረጥ፤ ዝርዝሩ «01 መስከረም» ብሎ ጀምሮ «13 ጳጉሜ» ላይ ያብቃ። ቁጥሩ ከፊት ካልገባ ወሮቹ በፊደል ተራ ይደረደሩና ሪፖርቱ ይዘበራረቃል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ገበሬው «ጠዋት 3 ሰዓት» ያለውን ስልኩ ሌሊት ያደርገዋል። ለስምም የራስ፣ የአባትና የአያት የሚል ሦስት ሳጥን ያብጁ።

ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቀበሌ ኢንተርኔት ሳይኖር የሚመዘግብ፣ መስመር ሲገኝ የሚልክ መሣሪያ ያስፈልጋል። ለመረጃ መሰብሰቢያ ኮቦ ቱልቦክስን አስቀድማለሁ። ሠንጠረዡ ጉግል ሺትስ ላይ ካለ ደግሞ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2020 የገዛው አፕሺት ይስማማዎታል።

ዋጋውን በብር አስልተው ይወስኑ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በየወሩ በዶላር የሚከፈል አገልግሎት በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱም ለብዙዎች ቀላል አይደለም። በድረ ገጽ መሸጥ ከፈለጉ ክፍያው በአገር ውስጥ መንገድ መምጣት አለበት። ዎርድፕረስ እዚህ ላይ ይሻላል፦ የአገር ውስጡ የክፍያ አገልግሎት የቻፓ ማያያዣ አለው፤ ክፍት ሶፍትዌር ስለሆነም በራስዎ ሆስቲንግ ከጫኑት ወደፈለጉበት ሆስቲንግ ያዛውሩታል። ደንበኛ የሚጠይቀው የዛሬን ዋጋ ብቻ ከሆነ ግን በድረ ገጽ አይድከሙ፤ የቴሌግራም ቻናል ይበቃል።

የትኛውንም ቢመርጡ ኢሜይሉንና አካውንቱን በጸሐፊው የግል ስም አይክፈቱ። በማኅበሩ ስም ይከፈት፤ የይለፍ ቃሉንም ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ ይያዙት። ጸሐፊው ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ የሄደ ቀን መዝገቡ አብሮት መሄድ የለበትም።