«እስከ» የምትለዋ ቃል ስንት ታወጣለች?

«እስከ አንድ ኩንታል ይሆናል» ተብሎ ጤፍ የተሸጠለት ነጋዴ፣ ሚዛን ላይ 60 ኪሎ ቢያገኝ ዝም አይልም። የኢንተርኔት ፍጥነት ግን ለረጅም ጊዜ በዚሁ አኳኋን ሲሸጥ ኖሯል።

በብሪታንያ እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ አንድ ኩባንያ ከመቶ ደንበኞቹ 10ሩ ብቻ የሚያገኙትን ፍጥነት «እስከ» ብሎ ማስተዋወቅ ይችል ነበር። ጉዳቱ የከፋው በገጠር ነው። በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚላክ መረጃ ርቀት በጨመረ ቁጥር ይዳከማል። በወረቀት ላይ 24 ሜጋቢት የተባለው የኤዲኤስኤል መስመር፣ ከስልክ ጣቢያው 5 ኪሎ ሜትር ለሚርቅ እርሻ የሚያደርሰው ጥቂት ሜጋቢት ብቻ ነው። ወርሃዊ ክፍያው ግን በርቀቱ ልክ አይቀንስም።

ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ የማስታወቂያ ደንቡ ጠብቋል። የሚተዋወቀውን ፍጥነት ቢያንስ ግማሾቹ ደንበኞች፣ ያውም መስመሩ በሚጨናነቅበት ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ ማግኘት አለባቸው። ይሁንና ከቀሪው ግማሽ ውስጥ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ ያለው ገጠሬ ነው።

ትምህርቱ ለማንኛውም ውል ፈራሚ ይሆናል። «እስከ» ትልቁን እንጂ ትንሹን አትናገርም። ስለዚህ ዝቅተኛው ፍጥነት ስንት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደተለካና ከዚያ ቢያንስ ውሉ ያለ ቅጣት እንደሚፈርስ አስቀድሞ በጽሑፍ ማስፈር ይበጃል።