የአንድ ጊዜ ቁልፍ፦ የማይፈታ ምስጢር እስከ መቼ አይፈታም?

በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ የኖሩት አል-ኪንዲ በፍልስፍናና በሒሳብ ቢታወቁም፣ ምስጢራዊ ጽሑፍን ስለ መፍታት ሪሳላ እንደጻፉ የምናውቅ ጥቂቶች ነን። (ቅጂው ኢስታንቡል በሚገኘው የሱለይማኒያ ቤተ መጻሕፍት ተገኝቷል።) በየቋንቋው አንዳንድ ፊደላት ከሌሎቹ ይልቅ ይደጋገማሉ። ጸሐፊው እያንዳንዱን ፊደል ሁልጊዜ በአንድ ምልክት ከተካ፣ ምልክቶቹን የሚቆጥር ሰው ፊደሉን ይደርስበታል። ዛሬ የምናየው "ዋን ታይም ፓድ" ግን ይህ ቆጠራ ምንም የማያገኝበት ዘዴ ነው። የአንድ ጊዜ ቁልፍ እንበለው።

በቁጥር እንሞክረው። ላኪና ተቀባይ ቃላትን ወደ ቁጥር የሚቀይር መዝገብ አላቸው፤ "ነገ" 4719፣ "ዛሬ" 3082 ነው እንበል። መዝገቡን ሌላ ሰው ቢያውቀውም ግድ የለም። ምስጢሩ ሁለቱ ብቻ የያዙት፣ በዕጣ የወጣ የቁጥር ዝርዝር ነው። ቁልፉ 8506 ከሆነ ላኪው ከ4719 ጋር አሃዝ በአሃዝ ይደምረዋል፤ ድምሩ ከ9 ካለፈ አሥሩን ይጥላል። 4 እና 8 አሥራ ሁለት ነው፣ ስለዚህ 2 ይጽፋል። እንዲህ ሲጨርስ 2215 ይወጣል። ተቀባዩ ያንኑ ቁልፍ ይቀንሳል፤ አልበቃ ሲለው አሥር ይበደራል፤ 4719ንም መልሶ ያገኛል።

2215ን መንገድ ላይ የጠለፈ ሰው 10,000ዎቹን ቁልፎች ሁሉ ይሞክር። 8506 "ነገ" ይለዋል፣ 9233 ደግሞ "ዛሬ" ይለዋል። የትኛው እውነት እንደሆነ የሚነግረው ነገር የለም፤ የቱንም ያህል ፈጣን ኮምፒውተር ቢያመጣ ያው ነው። ክሎድ ሻነን ይህን በሒሳብ አረጋግጦ እ.ኤ.አ. በ1949 አሳትሞታል።

ማረጋገጫው ግን የሚሠራው ቁልፉ ቢያንስ የመልእክቱን ያህል ሲረዝም፣ በእውነተኛ ዕጣ ሲወጣ፣ ከሁለቱ በቀር ማንም ሳያየው ሲቀርና ዳግም ሳይሠራበት ሲቀር ነው። የመጨረሻዋን ብዙዎች ይንቋታል። በዚያው 8506 "ዛሬ"ንም ብንልክ 1588 ይሆናል። ጠላፊው ከ2215 ላይ 1588ን በዚያው ስልት ሲቀንስ 1737 ያገኛል። ከ4719 ላይ 3082ን ብንቀንስም የምናገኘው 1737 ነው። ቁልፉ ከመሐል ወጣ ማለት ነው! የቀረው የሁለት መልእክቶች ልዩነት ብቻ ነው፤ ሰው ሲጽፍ ደግሞ የሚደጋግማቸው ቃላት አሉት። የአል-ኪንዲ ዓይነት ቆጠራ በዚህ በር ተመልሶ ይገባል።

በሶቭየት ኅብረት ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ፣ በጦርነቱ ጫና ውስጥ፣ ቁልፍ አዘጋጆቹ አንዳንድ ገጾችን ሁለት ጊዜ አተሙ። አሜሪካኖች በ1943 በጀመሩትና ኋላ ቬኖና በተባለው ሥራ ድግግሞሹን ደረሱበት፤ ሥራው በ1980 እስኪዘጋ ድረስም ወደ 3,000 የሚጠጉ መልእክቶችን በሙሉ ወይም በከፊል ፈቱ። የመደመር ስልቱ እንከን አልነበረበትም፤ ገጹ ነው የተደገመው።

ታዲያ ስልካችን ላይ ለምን አንጠቀምበትም? የአንድ ጊጋባይት ቪዲዮ የአንድ ጊጋባይት ቁልፍ ይፈልጋል፣ ያም አስቀድሞ በታመነ እጅ መድረስ አለበት። ስለዚህ የዛሬ መተግበሪያዎች በአጭር ቁልፍ ይሠራሉ፤ የሚጠብቃቸውም ስሌቱ እጅግ ከባድ መሆኑ ነው፣ ይህም ለዕለት ኑሯችን ይበቃል። ከአጭር የይለፍ ቃል ረጅም ቁልፍ እያባዛ "ዋን ታይም ፓድ ነኝ፣ አልፈታም" የሚል መተግበሪያ ካጋጠማችሁ ግን አትመኑት።

አንድ ነገር ደግሞ ይቀራል። የአንድ ጊዜ ቁልፍ ምስጢር ይደብቃል እንጂ መልእክቱ እንዳይነካ አይከላከልም። "1000 ብር ስጠው" የሚል መልእክት መሄዱን የገመተ ሰው ቁልፉን ሳያውቅ በገንዘቡ የመጀመሪያ አሃዝ ላይ 8 ቢጨምር፣ ተቀባዩ ሲፈታው 9000 ብሎ ያነባል። ይህን ለመያዝ ከምስጠራው ሌላ የማረጋገጫ ኮድ ከመልእክቱ ጋር አብሮ መላክ አለበት፤ እሱን ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እትም እናየዋለን።